ለእናቴ አንዷ

ቅዳሜ ጧት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰዓቱን የማትረሳው፣ ከገባችበት የመኪና መሣሪያ መደብር ባንኮኒ በላይ የተሰቀለው ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ቀጥ ብሎ ስላፈጠጠባት ነው። የአማቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ለስምንት ሰዓት ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ከቁልቁለቱ ማዶ ነው፤ ዓምና ባሏን ከበላው ቁልቁለት።

«እትዬ፣ ይሄን ውሰጂና እንገላገል!» አለ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ክንድ የሚያህል ብረት ከመደርደሪያው መዝዞ። ሰፈሩ ጉልቤ ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። «ይሄ ነው እንጂ መፍቻ! በዚህ ያጠበቅኩትን ጎማ ሰይጣንም አይፈታው።»

«የመጣነው ሰይጣንን ለመከልከል አይደለም። በልኩ ለማጥበቅ ነው።»

ባለመደብሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ፣ ፈገግ አሉ። «እሱ ለጭነት መኪና ነው የኔ ልጅ። የቤት መኪና ላይ ካሳረፍከው ብሎኑን እንደ ካሮት ነው የምትቀነጥሰው።»

ትናንት ግቢያቸው ውስጥ የሆነው ይኸው ነበር። ጉልቤ የመፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ አንድ እግሩን ቱቦው ላይ ጭኖ፣ የኋላውን ጎማ ሲያጠብቅ ብሎኑ «ቷ!» ብሎ ተቆረጠ። መኪናውን እያዘገመች ጋራዥ ወሰደችው። መካኒኩ የአራቱንም ጎማ ብሎኖች ቀየረላትና አስጠነቀቃት፦ «ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት በቶርክ ሬንች እንደገና ይለካ። እኛ ቅዳሜ ዝግ ነን። ይሄን ልጅ ደግሞ ከቱቦው አርቂው።»

ቶርክ ሬንች የሚባለው፣ የጥብቀቱን ልክ ሞልተውለት፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ብሎ «በቃ» የሚል መፍቻ ነው።

«የመኪናሽ ልክ ስንት ነው?» አሏት ባለመደብሩ።

«መቶ አስር ኒውተን ሜትር። ከመኪናው መመሪያ ላይ ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው ይሄ ትንሹ አይሆንሽም፤ ለብስክሌት ነው። ያ ወንድምሽ ያቀፈው ደግሞ ሲጀምርም ካንቺ ልክ በላይ ነው። ይሄ መካከለኛው ከአርባ እስከ ሁለት መቶ ይሄዳል። ያንቺ መሃሉ ላይ ይውላል። እነዚህ ነገሮች ጫፍና ጫፋቸው ላይ ይዋሻሉ፤ መሃላቸውን ግን እመኚ።»

«ይሄ ባለመርፌውስ?»

«ጥሩ ነው፤ አይበላሽም። ግን ጎንበስ ብለሽ መርፌውን ማየት አለብሽ።»

ጉልቤን ዞር ብላ አየችው። ትልቁን ብረት እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። እሱ መርፌ የሚያይ ሰው አይደለም። ለሱ ጩኸት ነው የሚያስፈልገው።

«መካከለኛውን፣ ባለድምፁን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው አጠቃቀሙን አሳዩዋት። የመፍቻው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ ወደ ቀኝ ሲያደርጓት ያጠብቃል። ወደ ግራ ሲመልሷት ግን ያው ጉተታ ምንም ሳይጨብጥ «ቀርርር» እያለ በባዶ ይዞራል። «ስትጨርሺ ቁጥሩን ወደ ታች መልሺው። ውስጡ ያለው ሞላ ተወጥሮ ካደረ ልኩን ይስታል።»

መኪና ውስጥ ጉልቤ አኩርፎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይቶ፣ «ወንድሜ እንዲህ ያለ መጫወቻ ይዞ አያውቅም» አለ። «ክንዱ ነበር ሚዛኑ።»

ባሏ እያንዳንዱን የብሎን ዳዶ አጥብቆ ሲጨርስ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ትርፍ ጉተታ ይጨምር ነበር። «ይቺ ደግሞ ለእናቴ!» ይላል። የመጀመሪያ መኪናውን የገዛ ጊዜ እናቱ አልሳፈርም ብለው ሲያስቸግሩ የጀመራት ቀልድ ናት፤ ኋላ የቤቱ ሥርዓት ሆነች። ጎማው ቁልቁለቱ ላይ ወልቆ የሄደ ቀን፣ ቤተሰቡ በአንድ አፍ የተናገረው፣ ቸኩሎ ሳያጠብቅ ወጣ የሚል ነው። እናትየው እስከ ዛሬ፣ «ያን ቀን የኔን አንዷን ረስቷት ነው» ይላሉ። ጉልቤም ቱቦውን ያነሳው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስብርባሪውን ያነሳው መካኒክ ግን ለብቻዋ ጠርቶ ብሎኖቹን መዳፏ ላይ አኑሮላት ነበር። አንገታቸው ተስቦ ቀጥኗል። «ሳይጠብቅ ቀርቶ አይደለም እህቴ። አለልክ ጠብቆ፣ በየጊዜው ተስቦ ተስቦ ነው የተበጠሰው። ሲበዛ ማርም ይመራል።» ዓመቱን ሙሉ ይህን በሆዷ ይዛ ኖረች። ለማን ትናገረው?

ግቢ ሲደርሱ አማቷ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው፣ የሐኪም ካርዳቸውን ጨብጠው በር ላይ ይጠብቃሉ። ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ዓይናቸውን ጭጋግ ከጋረደው ወዲህ ጆሮአቸው ስል ሆኗል። የግቢው በር እንኳ ሲጥ ሲል ማን እንደገባ ያውቃሉ።

ቁጥሩን መቶ አስር ላይ አደረገችና መፍቻውን ለጉልቤ ሰጠችው። ተንበርክኮ ጎተተ። ቀጭ። ቀጣዩን፤ ቀጭ።

«ይሄው ነው? ገና እንኳ አላላበኝም!»

«ይሄው ነው።»

አራቱንም ጎማ ዞረው ጨረሱ። ቀና ስትል፣ ጉልቤ ከወንበሩ ሥር ቱቦውን እየጎተተ ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እማዬን ይዤ እዚያ ቁልቁለት ላይ በቀጭ ቀጭ አልሄድም። ወንድሜ ሳያጠብቅ ሄዶ የሆነውን አይተሻል።»

እጁን አንጓው ላይ ያዘችው፤ ጥፍሯ ቆዳው ውስጥ ገባ። አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ፣ «አጥብቆ ነበር» አለችው። «ከልክ በላይ አጥብቆ ነበር። የተበጠሱትን ብሎኖች በእጄ ይዤ አይቻቸዋለሁ። ትናንት አንተ የቆረጥከውን ይመስላሉ።»

«ውሸት!»

«በሱ አፈር ልዋሽ?»

ጉልቤ ቱቦውን አየ፤ ከዚያ እናቱ የተቀመጡበትን ጎን መስኮት። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «እና... እያንዳንዷ ለእማዬ እያለ የጎተታት...»

«ዝም በል። ይሰማሉ።»

«ምን ታንሾካሹካላችሁ?» አሉ አማቷ ከውስጥ። «ጨረሳችሁ?»

«ጨርሰናል እማማ።»

«የኔን አንዷን ጎተታችሁ?»

ጉልቤ ቱቦውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አልሰማኋትም» አሉ አማቷ። በሩን መክፈቻ በእጃቸው መዳበስ ጀመሩ። «ያንን ልጅ የኔን አንዷን ሳይጎትት ለቅቄው ያገኘሁትን አግኝቻለሁ። ሳትጎትቱ አልሄድም፤ ዓይኔም ይቅር።»

«እማዬ...» ብሎ ጉልቤ ወደ በሩ ተራመደ። ድምፁ እየተሰባበረ ነበር፤ ምስጢሩን እንደሚያወጣው አወቀች።

«ይጎትትልዎታል እማማ፤ መፍቻውን እያስተካከልኩለት ነው» አለች ቶሎ ብላ። መፍቻውን ከእጁ ተቀበለችው። ትንሿን ማዞሪያ በአውራ ጣቷ ወደ ግራ መለሰቻትና መልሳ ሰጠችው። ጉልቤ ማዞሪያዋን አየ፤ እሷን አየ። ተንበርክኮ ዳዶው ላይ ሰካው።

ቀርርርር አለ መፍቻው፤ ዳዶው ንቅንቅ አላለም።

«ይቺ ደግሞ ለእናቴ» አለ ጉልቤ። እንባው እጀታው ላይ ተንጠባጠበ።

አማቷ እጃቸውን ከበሩ አነሱ። «ተባረክ። በሉ አሁን እንሂድ።»

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። አማቷ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ ጎላ ያለ ጽሑፍም ያነቡ ነበር። መንገድ በተወጣ ቁጥር ጎማው ሲለካ አጠገብ ቆመው ያዩ ነበር። ጉልቤ «ይቺ ደግሞ ለእናቴ» ከማለቱ በፊት ትንሿን ማዞሪያ ወደ ግራ ሲመልሳትም ያዩ ነበር። አንድም ቀን ግን ለምን እንደሚመልሳት አልጠየቁም።