በሞቴ፣ አንድ ቃል ሳትሉ

ማክሰኞ ጠዋት አጸደ ከመኝታ ቤት ስትወጣ፣ በባሏ ብሎግ ላይ የተሰጠውን የመጀመሪያ አስተያየት ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰውዬ ነበር። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ሰውዬው ብድግ ብሎ እጅ ነሳና፣ «ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ በርታ» አለ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

አጸደ ባሏን ተጣራች። ይርጋ አንድ እግሩን ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ ይዞ መጣ። ሰውዬውን አየ፣ ሞባይሉን አየ፣ እንደገና ሰውዬውን አየ። ብሎጉ ላይ ያው ቃል፣ ያው ድርብ ሰረዝ ሳይቀር ሰፍሯል።

«አስተያየት ነው» አለ። «አጸደ፣ አስተያየት ተሰጠኝ!»

«ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ የጋበዝኩት!»

እውነቱን ነው፣ ጋብዟል። ይርጋ የፕላን ባለሙያ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ስለ አዳማ ዛፎች ብሎግ ይጽፋል። የትኛው ዛፍ የት እንደቆመ፣ ማን እንደተከለው፣ ማን እንደሚደገፍበት ይጽፋል። ጽሑፉን ሁሌ የሚጨርሰው «እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን አካፍሉን» ብሎ ነበር። ማንም ምንም አላለም። እራት ላይ ጉርሻውን አፉ ውስጥ አቁሞ ሞባይሉን ይከፍታል፤ የለም። ቅስሙ ይሰበራል፤ የቀረውን እራት አጸደ ብቻዋን ትበላለች።

ሰኞ ዕለት ግን ስለ መናኸሪያው ግራር ጽፎ ሲያበቃ ብስጭቱ ወጣና፣ አልበላም ያለ እንግዳን እንደሚለማመጥ ሰው መጨረሻው ላይ እንዲህ ብሎ አስገባበት፦ «በሞቴ፣ አንድ ቃል ሳትሉ እንዳትወጡ።»

አጸደ አይታ ተው ብላዋለች። በሞቴ የሚባለው ጉርሻ ጠቅልለው፣ ፊት ለፊት ለተቀመጠ፣ ዓይኑን ለሚያዩት ሰው ነው። ለማይታወቅ ሕዝብ አይበተንም። ምክንያቱም እዚህ አገር በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል የለም፤ ጠገብኩ ብሎ የማለ ሰው እንኳ አፉን ይከፍታል። ይርጋ ግን ሳቀባት። ሞቱን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ተኛ።

እንግዳ እንግዳ ነውና፣ አጸደ ለሰውዬው ፍርፍር አቀረበችለት። እጁን ታጥቦ በላ። ሲጨርስ «ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ በርታ» አላት። ይርጋ ደግሞ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ውድ አንባቢያችን፣ ስለ አስተያየትህ ከልብ እናመሰግናለን» ሲል መለሰለት።

«እናመሰግናለን የምትለው እነማን ሆነን ነው?» አለች አጸደ።

ይርጋ አልሰማትም።

አለመስማቱ አዲስ አልነበረም። እሑድ ዕለት አንድ ትልቅ ነገር ነግራው ነበር። አጸደ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አርባ ምንጭ ያለ አንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥራት ፈልጎ፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጪን ብሏታል። መሄድ ትፈልጋለች። ያለ ይርጋ መሄድ ግን አትፈልግም። ይህንኑ ቁጭ አድርጋ ነገረችው። ይርጋም ዓይኑን ከሞባይሉ ሳያነሳ «እናስብበት» አለ። እሷ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላሰበችም፤ እሱ ያሰበ እንደሆነ ግን ምንም ምልክት አልታየም።

ረቡዕ ቤቱ ሞላ። አንዲት ወጣት የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ «መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ» ትላለች፤ ከዚያ በስተቀር የምታውቀው የለም። አንድ ሽማግሌ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው መሃል ሳሎን ቆመዋል፤ ቀኛቸው ሲደክም በግራቸው ይተካሉ። ሁለት ጎልማሶች ዛፉ ግራር ነው አይደለም ተባብለው ሊናነቁ ደርሰዋል። ሌላ አንድ ሰው ቦሌ ጀርባ ካርታ ያለው ቦታ እንደሚሸጥ እየተናገረ ስልክ ቁጥሩን ይደጋግማል። ስሙን ያልጻፈው ደግሞ ፊት የለውም፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ እንደታጠበ ሳህን ልሙጥ ነው። ቢሆንም «ይቀጥላል ወይ?» ሲል በደንብ ይሰማል።

ሰው በገዛ ቤቱ ሽንት ቤት ለመግባት ወረፋ ይይዛል? አጸደ ያዘች። ከፊቷ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ «ስለ ዋንዛም ጻፍልን» አለቻት።

አንድ ተሳዳቢም መጥቶ ነበር። ገና ከመቀመጡ ይርጋን «ሥራ ፈት!» አለው። ይርጋ ሞባይሉን ነካ አድርጎ ሰረዘው፤ ሰውዬው ከነድምፁ ጠፋ፤ ትራሱ ላይ ሙቀቱ ብቻ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ጺም አብቅሎ፣ በሌላ ስም ተመልሶ «ሥራ ፈት!» አለው። አጸደ በሆዷ ከመጡት ሁሉ የሚረባው ይሄ ነው ብላ እንቁላል ጠበሰችለት።

ከአስተያየቶቹ አንዳንዶቹ የሚሉትን ብለው ስላበቁ ተነስተው ለመሄድ ይቃጣቸው ነበር። ይርጋ ክንዳቸውን ይዞ «ኧረ በሞቴ! ቁጭ በሉ!» ይላል። ምን ያድርጉ፣ ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዳቸው በየተራ ይመልሳል፤ መልስ ያገኘው ትንሽ ይደምቃል፤ ያላገኘው ቃሉን እየደጋገመ ይጠብቃል።

ከታች ፎቅ እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። የቆመውንም የተቀመጠውንም ቃኙና አጸደን ወደ ኮሪደሩ ሳቧት።

«ድግስ ነው እንዴ? ሳትጠሩን?»

«ድግስ አይደለም እትዬ፤ የይርጋ አስተያየቶች ናቸው።»

«ቤት ድረስ ነው የሚመጡት?»

«በሞቴ ብሏቸው።»

«እንግዲያማ ምን ያድርጉ» አሉ እትዬ አልጋነሽ፤ ወንበር ከጎደላት እንደሚያውሷትም ነግረዋት ወረዱ።

ሐሙስ አጸደ ከሥራ ስትመለስ መኝታ ቤቷ ውስጥ ስለ ችግኝ አጠጣጥ የሚጠይቁ እናት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘች። ቦርሳዋን የምታስቀምጥበት አልነበረም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች እናትየዋ አጠገብ በተቀመጠው ይርጋ ፊት ቆመች።

«ይርጋ፣ ነገ ዓርብ ነው።»

«እ? አዎ።»

«ስለ አርባ ምንጩ ነገር...»

«አንዴ ብቻ፤ ለእኚህ እናት ልመልስላቸው።»

መለሰላቸው። ውሃው ማለዳ ቢሆን እንደሚመረጥ፣ ሥሩ ዙሪያ አፈሩን መኮትኮት እንደሚገባ፣ እንዳይቸኩሉ፣ ዛፍ እንደ ሰው መሆኑን አስረዳቸው። ድምፁ ለስላሳ ነበር። አጸደ ድምፁን ታውቀዋለች፤ ሊያገባት ሲለማመጣት የነበረው ነው። የት ሄደ ስትለው የኖረችው ድምፅ ለካ አልጠፋም፤ ለሌላ ሰው ሲውል ነበር። ይህ ነው አንጀቷን ያቃጠላት።

ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች፤ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ሞባይሏን አወጣች፤ ስለ ግራሩ የተጻፈውን ከፈተች፤ ከሁሉም ግርጌ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ይርጋ፣ እኔ አጸደ ነኝ። አርባ ምንጭ ልሂድ ወይስ ልቅር? አብረኸኝ ትመጣለህ?» ላከችው። ፊቷን ታጥባ ወጣች።

ሶፋው ላይ ራሷ ተቀምጣለች። ቀሚሱም ጫማውም ያው ነው፤ ይቺኛዋ ግን እንቅልፍ የጠገበች ትመስላለች፤ ቦርሳም አልያዘችም። ባለ ግራጫ ኮቱ ጠጋ ብሎ መሃሉን ለቆላታል።

«ይርጋ፣ እኔ አጸደ ነኝ» አለች ሶፋው ላይ ያለችው። «አርባ ምንጭ ልሂድ ወይስ ልቅር? አብረኸኝ ትመጣለህ?»

ይርጋ ሞባይሉን አስቀመጠ። አጸደ ባሏ ሞባይሉን ሲያስቀምጥ ካየች ቆይታለች። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የሴትዮዋን ሁለት እጆች ያዘ።

«ይሄን የሚያህል ነገር በሆድሽ ይዘሽ፣ እስካሁን እንዴት አትነግሪኝም?»

«እሑድ ነገርኩህ» አለች አጸደ ከወጥ ቤቱ በር።

«አንዴ አጸድዬ» አለ ዞር ሳይል፤ «አስተያየት እየመለስኩ ነው።»

ከዚያ ለሶፋዋ አጸደ መለሰላት። አዲስ አገር እንደሚያስፈራው ነገራት። እዚያ ማንም እንዳያውቀው፣ እሷ ኃላፊ ስትሆን እሱ የእሷ ባል ተብሎ ብቻ እንዳይቀር እንደሚሰጋ ነገራት። ቢሆንም አርባ ምንጭም ዛፍ አይጠፋም አለ፤ ዛፍ ቢጠፋስ ምን ችግር አለ፣ አንቺ አለሽ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እመጣለሁ» አላት። «በሞቴ፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ።»

አጸደ ሁሉንም ሰማች። የፈለገችው መልስ ነው፤ አንድም ቃል አልጎደለውም። ለማን እንደተባለ እንኳ ለጊዜው ረሳችው፤ ደስ አላት።

«እሺ፣ ነገ ጠዋት ለሆስፒታሉ እደውላለሁ» አለችው።

ይርጋ ቀና ብሎ አያት፤ ግራ እንደገባው ሰው።

«ለየትኛው ሆስፒታል?»

አጸደ ምን ትበል? እንደገና ትጻፍ? ሦስተኛ አጸደ ትምጣና ትቀመጥ? ሶፋው እንደሆነ ሞልቷል።

ዓርብ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች። ስልኩን ያነሱት ሰው ደስ ብሏቸው የሚሰጣትን መኖሪያ ቤት ስፋት ለመወሰን ስንት እንደሆኑ ጠየቋት። ብቻዬን ነኝ አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሰማችውና አለቀሰች፤ ሞባይሏን ከጆሮዋ አርቃ ነው ያለቀሰችው።

ሻንጣዋን አዘጋጅታ ወደ ሳሎን ወጣች። ይርጋ ለሶፋዋ አጸደ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ሴትዮዋ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው፤ እሱም ያንኑ መልስ፣ ገና አሁን እንደተጠየቀ ያህል በሙሉ ልቡ መለሰላት።

«ይርጋ፣ ሄድኩ።»

«እሺ፣ ሰላም ዋይ» አለ ልጣጩን እያሰባሰበ።

አጸደ በሩ ላይ ቆመች። አስተያየቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረዋል፤ ፊት የሌለው ሳይቀር። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ እንኳ ቢነሳ፣ ሻጩም ቢሆን፣ ተሳዳቢውም ቢሆን፣ ይርጋ ዘሎ በሞቴ ብሎ ክንዱን በያዘ ነበር። አጸደ በሞቴ ለመባል የሚበቃ ጊዜ ጠበቀች። ከዚያም ትንሽ ጨምራ ጠበቀች፤ ምናልባት ቀስ የሚል ሰው ነው ብላ። ይርጋ ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለው። ባለ ግራጫ ኮቱ ብቻ ብድግ ብሎ እጅ ነሳትና «ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ በርታ» አላት። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ደረጃው ላይ እትዬ አልጋነሽ የሚያውሱትን ወንበር ይዘው ሲወጡ አገኘቻቸው።

«በሻንጣ ወዴት ነው?»

«አርባ ምንጭ። ሥራ አግኝቼ።»

«እሰይ! ባልሽስ?»

«ላይ ነው» አለች አጸደ። «ከእኔ ጋር።»

እትዬ አልጋነሽ ራሳቸውን በመስማማት ነቅነቅ አደረጉ፤ ሻንጣውን አይተው ወንበራቸውን ይዘው ወጡ።

ባጃጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ሻንጣውን ተቀብሎ ሲያስገባ፣ አጸደ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቀና አለች። መስኮቱ ላይ ያቺ የሶፋዋ አጸደ ቆማለች። ቅድም ጥቁር የነበረው ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ትከሻዋ ጎበጥ ብሏል፤ አንገቷ ላይ አጸደ የማታውቀው ክር አለ። ከኋላዋ ይርጋ ቆሟል፤ እሱም ከእሷ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ይመስል ሸብቷል፤ ጥርሶቹ ረግፈው አፉ ሰርጉዷል፤ እጁን በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አድርጎ በጆሮዋ አንድ ነገር እየነገራት ነው። ሴትዮዋ ሳቀች። ከዚያ ቁልቁል ወደ ባጃጁ አየች፤ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ዓይኗን ጨፈን ጨፈን አድርጋ አጤነች፤ እጇንም ዘርግታ መጋረጃውን ሳበችው።