ሞተሩ እስኪበርድ

ይርገዱ ከማለዳ ጀምራ ሞጣ ጓሮዋ ውስጥ በቆመው ጀልባ ሞተር ላይ የፈላ ውሃ ታፈስሳለች። ዓባይን ሲለኩ የከረሙ ፈረንጆች ለሟች ባሏ ትተውት የሄዱት ይህ ርጉም ሞተር ካልሞቀ አይነሳም። ካልሸጠችው ደግሞ ጠበቃ አታቆምም፤ ሰኞ ደብረ ማርቆስ ችሎት ያለ ጠበቃ ከቀረበች የባሏ ወንድም ርስቱን ጠቅልሎ ይወስዳል።

ገዢው አቶ ቀለሙ፣ ቢቸና ላለው ወፍጯቸው ሞተር የሚፈልጉ ሰው፣ በምሳ ሰዓት ደረሱ። ሞተሩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ፤ ይሞቃል።

"አሁኑኑ ላስነሳልዎት" አለች።

"ምን ያስቸኩለናል?"

እንግዳን ደጅ አቁሞ መገበያየት ነውር ነው። "በሞቴ፣ እህል ይቅመሱ" አለች፤ ሦስት ጊዜ ሳይለመን የሚገባ እንግዳ አይታ አታውቅም።

እሳቸው ግን በመጀመሪያው ቃል ገቡ። እያላመጡ በሉ፣ ጠላ አስደገሙ፣ ስለ ቢቸና ጤፍ አወሩ። ይርገዱ "ይበቃዎታል" አይባል ነገር፣ ውጭ ሞተሩ እየበረደባት "ኧረ ይጉረሱ" ትላለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጃቸውን ታጠቡ።

"በሉ አሁን ያስነሱት፣ እመት ይርገዱ።"

የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳበች። ደግማ ሳበች። አቶ ቀለሙ ስለ ምሳው "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው በቅሏቸው ላይ ሲወጡም ትስብ ነበር።