የሊባኖስና የኅሪት የሥጋ ኑዛዜ

ለሰው ልጅ ከውለታ ሁሉ የሚከብደው የጥበብ ውለታ ነው፤ ላበላ እንጀራ፣ ላለበሰ ልብስ ይመልሱለታል፤ የጨለመ ልቡናን አብርቶ፣ የተዘጋ አእምሮን ከፍቶ ሰውን ለሰው መድኃኒት ያደረገን መካነ ትምህርት ግን በምን ይክሱታል? ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በአንደበታቸው የሚያነሡት ብዙዎች ናቸው፤ በገዛ ሥጋቸው ሊመልሱት የደፈሩት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከነዚያ ጥቂቶች ሁለቱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የደረሰባቸውም እንዲህ ነው።

ሊባኖስ ወልደ ሰንበትና ኅሪት ጓንጉል በአንዲት ደጋማ ከተማ ባለ የሕክምና ኮሌጅ በአንድ ዘመን ተምረው በአንድ ቀን የተመረቁ ሐኪሞች ናቸው። የተዋወቁትም ስሙ በማይታወቅ፣ ዘመድ ባልጠየቀው በአንድ ሽማግሌ አስከሬን ግራና ቀኝ ቆመው፣ የሰውን ገላ ጅማትና ሥር፣ አጥንትና አንጓ ዓመት ሙሉ ሲመረምሩ ነው። ያ ሽማግሌ ፈቃዱን ሳይጠየቅ እንዳስተማራቸው ሊባኖስ ዘወትር ያነሣ ነበር፤ ነገሩ እንደ እሾኽ ልቡን ይወጋዋልና። ተጋቡ፤ እርሱ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም፣ እርሷ አዋላጅ ሐኪም ሆነው አርባ ዓመት አገለገሉ፤ የሌላውን ልጅ ሲቀበሉ ኖረው የራሳቸውን ሳያቅፉ ሸመገሉ። በጡረታቸው ዘመን ኮሌጃቸውን ሊጎበኙ ቢሄዱ፣ ዲኑ ዶክተር ንዋይ አስከሬን ከመጣላቸው ሦስት ዓመት እንዳለፈ፣ ተማሪዎቹም ከግድግዳ ሥዕልና ከተሰነጠቀ የፕላስቲክ ልብ እንደሚማሩ አፍረው ነገሯቸው። ባልና ሚስቱ በዚያው ሳምንት ተናዘዙ፤ ቀድሞ የሞተው ቀድሞ፣ የቀረው ተከትሎ፣ ሥጋቸው ላስተማራቸው ቤት እንዲሰጥ በእጃቸው ጽፈው፣ በምስክር ፊት ፈረሙ።

በጥር ወር በአንድ ማክሰኞ ማለዳ የሊባኖስ ልብ በድንገት ቆመ። ኅሪት ዐይኖቹን በእጇ ከደነች፤ እንደ ቃሉም ለኮሌጁ ላከች። ዲኑ መኪና ይዘው ደረሱና፣ አስከሬኑ እስከ ማግስቱ ጠዋት መድኃኒት ካልገባለት ለትምህርት እንደማይሆን በትሕትና አስረዱ። ወሬው ግን ከመኪናው ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ድንኳን ተክለው ሲያበቁ ቀብር የሌለው ለቅሶ አናውቅም ብለው ተቀመጡ፤ ዘመዶቹም አንዳንዶቹ ለመኗት፣ አንዳንዶቹ ረገሟት፤ እርሷ ግን ኑዛዜውን በደረቷ ይዛ እንደ ዐለት ጸናች። ከቀትር በኋላ የሊባኖስ እናት እማሆይ ወለተ ሐና፣ የዘጠና ዓመት መነኵሲት፣ ከገዳማቸው በሰው ክንድ ተደግፈው ደረሱ። አልጮኹም፤ ደረታቸውንም አልመቱም። ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው የልጃቸውን እግር ያሻሹ ጀመር።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ ወደ ኅሪት ዞረው፣ «ሰባት ወልጄ ስድስቱን ቀብሬአለሁ፤ የስድስቱንም መቃብር አውቀዋለሁ። ሰባተኛውን የት ሄጄ ላልቅሰው?»

«እማሆይ፣ ፈቃዱ ነው፤ በእጁ የጻፈው ነው» አለች ኅሪት። «ሞቶ ሳለ ብክደው ምን ሚስት እባላለሁ?»

«እንዳልሽው በእጁ ጽፎታል። የጻፈው ግን እኔ ቀድሜው የምሞት መስሎት ነው።»

ይህም ቃል እውነት ነበረ። በፈረሙ ዕለት ሊባኖስ እናቱ ይህን ሳያዩ እንደሚያልፉ ተናግሮ፣ በዚያም ተጽናንቶ ነበር። ኅሪት ወደ ደጅ ወጥታ ዲኑን በቆሙበት አገኘቻቸው፤ እርሳቸውም አላስገደዷትም፤ ስድሳ ተማሪዎች ሰኞ እንደሚጀምሩ፣ ጠረጴዛውም ባዶ እንደሆነ ብቻ ነገሯት። እርሷም በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ከቤት በልጃቸው እግር ሥር የተቀመጡትን እናት፣ ከፊቷ የመኪናውን ክፍት በር እያየች፣ ማንን እንደምትገድል እንጂ ማንን እንደምታድን አልታያት አለ። በመጨረሻ ተነሥታ መኪናው ባዶውን እንዲመለስ ለመነች። ሊባኖስም በማግስቱ ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርሶለት በእናቱ ገዳም ተቀበረ፤ ኅሪትም አፈሩ ሲጫንበት የገዛ ቃሉ አብሮት ሲቀበር ሰማች።

እማሆይ በየቀኑ ወደ መቃብሩ እየሄዱ አለቀሱ። የለቅሷቸው ዕድሜ ግን ሃያ ሦስት ቀን ብቻ ሆነ፤ በሃያ አራተኛው ቀን አረፉና በልጃቸው ቀኝ ተቀበሩ። የአርባ ዓመት ባሏ ኑዛዜ የፈረሰው ለሃያ ሦስት ቀን እንባ መሆኑን ኅሪት ባሰበች ጊዜ፣ ጸሎቷን አቋረጠች። ከአርባው በኋላ ወደ ኮሌጁ ሄዳ የራሷ ኑዛዜ እንዳይፈርስ አስታወቀች። ዲኑም አዝነው፣ በባሏ ግራ ያለው ስፍራ ገና ክፍት መሆኑን፣ ኑዛዜዋን ብትለውጥ ማንም እንደማይወቅሳት ነገሯት።

«ለእርሱ የምታለቅስ እናት ነበረችው» አለቻቸው። «እኔን ግን የሚጠይቅ የለም። በሥጋው ያስተማረን ያ ሽማግሌም የሚጠይቅ አልነበረውም።»

እንደገናም ፈረመች፤ በፈረመችም ጊዜ ከባሏ ጎን ለዘላለም እንደተለየች ዐወቀች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ወደ መቃብሩ አልሄደችም፤ ሄዳ የምትነግረው አልነበራትምና። ሁለት ፍቅሮች በአንድ ሥጋ በተሟገቱ ጊዜ፣ ፈራጁ ልብ ለማንኛቸውም ቢፈርድ ተረቺው ራሱ ነው።