የሹፌሩ ስፖኪዮ

«ኧረ ይሄን ነገር አንድ በሉት!» አለች አክስትየዋ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎን ዞረ። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ዲጂታል የፎቶ ፍሬም፣ ቤቱ የለቅሶ ቤት መሆኑን የነገረው የለምና እንደ ወትሮው ሥራውን ይዟል። አንድ ትንሽ ልጅ አፍንጫው ላይ ክሬም ተለጥፎ ይስቃል፤ ጥቂት ይቆይና ይሄዳል። በእሱ ቦታ እናቱ ከመኪና መስኮት አንገቷን አውጥታ እጇን ታውለበልባለች። እሷም ትሄድና የሟቹ ሴት ልጅ ትመጣለች፤ ነጭ የሥራ ካፖርት ለብሳ፣ አንድ ረድፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ በእጇ ይዛ፣ የራሷን ጥርስ እስከ ድዷ እያሳየች።

ባለፎቶዋ ጥቁር ለብሳ ከፍሬሙ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጥርስ ለረገፈባቸው ሰዎች ጥርስ መሥራት እንጀራዋ ስለሆነ፣ ሰፈሩ የሚያውቃት «ጥርስ ሠሪዋ» በሚል ነው። ያንን ፎቶ አባቷ በሞተበት ቀን ጠዋት ከሥራ ቦታዋ የላከችው እሷው ራሷ ናት። ብድግ ብላ ሶኬቱን ነቀለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አክስትየዋ ግን አንዴ የጀመራት ንዴት በሶኬት የሚጠፋ አልነበረም። የሟቹ ታናሽ እህት ናት፤ ኀዘን ሲይዛት ጥፋተኛ ካልተገኘላት እንባዋ እሺ አይላትም። ዓይኗን ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ወደተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ጎረቤት ወረወረች።

«አንቺስ ብትሆኚ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀሽ እየኖርሽ፣ ወንድሜ ደረቱን ይዞ ሲያቃስት ጆሮሽ የት ሄዶ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። «ኧረ ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬም ለምኜዋለሁ። 'ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ ትደርሳለች' አለኝ። ልጁ ካወቀች እኔ ምን ብዬ መሐል ልግባ?»

 ከሩቅ ከተማ የመጣው የሟቹ ወንድ ልጅ ወደ እህቱ ወደ ጥርስ ሠሪዋ ዞረ።

«ነግሮሽ ነበር እንዴ?»

«አልነገረኝም፣» አለች ጥርስ ሠሪዋ።

እውነቷን ነው። ስልኳ ቢፈተሽ አባቷ በሞተበት ቀን አልደወለም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቀንም አልደወለም። እውነት ተናግራ እንደዚህ ያፈረችበት ጊዜ ግን በሕይወቷ ትዝ አይላትም።

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ተነሣች። «እንግዲህ በሰው ሞት ዋሽቻለሁ ማለት ነው፣» አለች።  ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ በተደረደሩት ወንበሮች መሐል ይቅርታ እየጠየቀች ወጣች።

ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ተሳፋሪው «ንዳው እንጂ!» ብሎ በጮኸበት ቁጥር «ይደርሳል» ስለሚል፣ ቅጽል ስሙ «ይደርሳል» ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ሳትቀር በዚሁ ስም ስትጠራው ኖራ ነው የሞተችው። ጡረታ ወጥቶ ብቻውን ሲቀር ጨዋታውም አብሮት ጡረታ ወጣ። ልጁ መጀመሪያ በየሳምንቱ መጨረሻ ትመጣለት ነበር፤ ከዚያ ሳምንት እየዘለለች፣ ከዚያ ሲመቻት። አለመምጣቷ ውስጥ ውስጡን ሲበላት ጊዜ ፍሬሙን ገዝታ መጣች። ቤተሰቡ ከያለበት በስልክ ፎቶ ይልካል፤ ፎቶው ራሱ መጥቶ አባትየው ሳሎን ውስጥ ይታያል።

«እኔ ታዲያ ምኑን ልጫነው?» አለ አባቷ፣ ፍሬሙን እንደሚነክስ ነገር በሩቁ እያየ።

«ምኑንም አትጫንም አባዬ። በቃ እንደ ስፖኪዮ ቁጠረው። አንተ መሪህን ይዘህ ወደፊት ትነዳለህ፤ ከኋላህ ያለነው ሁላችንም እዚህ ውስጥ እንታይሃለን።»

«አሃ!» አለ፤ ፊቱ በራ። «እንዲህ በይኝ እንጂ!»

ጥሩ አድርጋ ያስረዳችው መስሏት ነበር። ስፖኪዮ ለሹፌር ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ለእሷ ከኋላ ያለውን የሚያሳይ መስታወት ነው። ለእሱ ሕግ ያለው ነገር ነው፤ አንተ በመስታወት የምታየው ሰው ቀና ካለ አንተንም ያይሃል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተለጥፈው ሲሳሳሙ የነበሩ ስንት ወጣቶች፣ መስታወቱ ላይ ዓይናቸው ከሹፌሩ ዓይን ጋር ተጋጭቶ አንገታቸውን ደፍተዋል! ልጁን በፍሬሙ ካያት፣ ልጁም እሱን ታየዋለች። ይሄ ለእሱ መጠየቅም የማያስፈልገው ጉዳይ ነበር።

እንዲህ ማመኑን ያወቀችው በስልክ ነው። አንድ ምሽት ደውላ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ብትለው ሳቀባት።

«እያየሽኝ ትጠይቂኛለሽ እንዴ? ፊትሽ ቆሜ አይደል የዋጥኩት!»

የቀለደ መሰላት። እሱ ግን ቀጠለ። «ይልቅ ለወንድምሽ ንገሪልኝ፤ ከአንቺ ጋር የያዝኩትን ወሬ ሳልጨርስ ልጁን ይልክብኛል። እሱ ደግሞ ክሬሙን ተለቅልቆ ከች ይላል፤ ምን ብዬ ላውራው?»

ልታርመው አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው መድኃኒቱን ለመዋጥ ሲያስለምን የኖረ፣ ክኒኑን ምንጣፍ ሥር የሚደብቅ ሰው ነው። አሁን ፊቷ ቆሞ ይውጣል። አፏን መልሳ ዘጋችና እንደገና ከፈተችው።

«ጎበዝ አባዬ፣» አለች። «አይቼሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማን ይድረስባቸው። አባቷ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ከፍሬሙ ፊት ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ጥርስ ሠሪዋ ልትጠይቀው መጥታ ሳለች ልብስ ሰፊዋ ሾርባ ይዛ ገባች፤ አባቷ በጣቱ ፍሬሙን እያሳየ «ቀስ በይ፣ በዚህ በኩል ልጄ እያየችሽ ነው» አላት። ሴትዮዋ ወደ ጥርስ ሠሪዋ ዞራ «እውነት ነው እንዴ?» ስትል፣ እሷ ሳቀች፤ አዎም አላለች፣ አይደለምም አላለች። ሦስቱም ሳቁ። ያ ሳቅ ነው አሁን የሚከነክናት።

ደግሞም ስልኩ ቀነሰላት። ድሮ ጥርስ እየሞረደች ሳለች ሲደውልባት፣ እጇ በዱቄት ተበክሎ፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ «አባዬ፣ በኋላ» ትለው ነበር። አሁን መደወሉን ተወ። «ሙሉ ቀን ስንጫወት ውለን ደግሞ ልደውል?» ይላል። እፎይ አለች። ለሌላው ሁሉ ምክንያት ብታገኝ፣ ለዚያች እፎይታ ግን ምንም ምክንያት አታገኝላትም።

አሁን ወጥ ቤት ገብታ የጠጡበትን ብርጭቆ ታጥባለች። ከመስኮቱ ውጪ ሁለት ለቅሶ ደራሾች እየሄዱ ያወራሉ።

«ሰው ደጃፏ ላይ እየሞተ በልጁ ታመካኛለች! አይ ድፍረት!»

«እኔማ የሰጠኋትን ጨርቅ ዛሬውኑ ነው የማነሣው። ሰውን ያልሰማች የልብስ ልኬን ትሰማኛለች?»

ወንድሟ ተከትሏት ገባና በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ አብጧል። «አትብከንከኚ፣» አላት። «እኔ ሩቅ ነኝ፤ አንቺ አለሽ ብዬ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። አንቺ ምን አጠፋሽ? ብታውቂ ኖሮ በርረሽ ትመጪ ነበር።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ዝም ካለች ማንም አይነካት፤ ሴትዮዋ ግን ሾርባ ባመላለሰች፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨርቁን እያነሣ ባዶ ማሽን ላይ ያስቀራታል። ከተናገረች ደግሞ አባቷ ከዕቃ ጋር ሲያወራ የኖረ ሞኝ ሊባል ነው፤ እሷም ያሞኘችው። ብርጭቆውን አስቀመጠች። እጇን ሳታደርቅ ወጥታ የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ተቀምጣለች፤ ግን አልሰፋችም። ክሩ እንኳ አልገባም።

«እትዬ፣ አልዋሹም፣» አለች ጥርስ ሠሪዋ።

«አለመዋሸቴንማ አውቀዋለሁ። ያልገባኝ አንቺ ለምን እንደዋሸሽ ነው።»

«እኔም አልዋሸሁም። ለእኔ አልነገረኝም። ለፍሬሙ ነው የነገረው።»

«ታዲያ ያው አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። አያይም እትዬ። አይሰማምም። የላክንለትን ፎቶ ማሳየት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ማሽኑ ላይ ዘረጋች። «እኔ እኮ፣» አለች፣ «ሾርባ ይዤ ስገባ ሽርጤን በር ላይ አውልቄ ነበር የምገባው። ቆሽሼ እንዳታየኝ ብዬ።» ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ መጣና ከመንገድ ተመለሰ። «እሱስ? እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። እኔ ነኝ የማውቀው። እያወቅኩ ተውኩት። እባክዎ ይምጡልኝ፤ እነሱ ፊት ልናገረው።»

ሳሎኑ ውስጥ ጥቂት ሰው ነበር የቀረው። ጥርስ ሠሪዋ አልተቀመጠችም። ስፖኪዮውን፣ መድኃኒቱን፣ «አይቼሃለሁ» ማለቷን፣ አንዱንም ሳታስቀር ተናገረች። አባቷ 'ለልጄ ነግሬያታለሁ' ማለቱ እውነት መሆኑን፣ ልብስ ሰፊዋም የሰማችውን ብቻ ማለቷን ተናገረች። 

ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። «ለምን አልነገርሽውም ታዲያ?» አለ።

«መድኃኒቱን እንዲውጥልኝ» ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስለተመቸኝ፣» አለች።

 ወንድሟ መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ።  አክስትየዋ ሶፋው ላይ ጠጋ አለችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። «ነይ እዚህ ጋ፣» አለች ልብስ ሰፊዋን። ከእሷ አፍ ይቅርታ የሚባለው ይኸው ነው። ልብስ ሰፊዋም ሄዳ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ምን ነበር ያለው?» አለች ጥርስ ሠሪዋ።

«ተይ አሁን፣ ልጄ፣» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ይንገሩኝ። የተናገረው ለእኔ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አክስትየዋን አየች። አክስትየዋ «ንገሪያት» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ጠዋት ነው። ያ ጥርስ የያዝሽበት ፎቶ መጣ። ኮቱን ለበሰና ተቀመጠ። 'ዛሬ ደረቴ ከብዶኛል፣ ግራ እጄም ደንዝዟል፤ ሲመችሽ ብቅ በይ' አለሽ። እኔ ሐኪም ቤት እንሂድ እለዋለሁ፣ እሱ ቀና ብሎ ያይሻል። አንቺ ትስቂያለሽ። 'አየሻት?' አለኝ፤ 'እየሳቀች ነው። ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮ ትደነግጥ ነበር።' እኔም ፎቶሽን ሳይ ልቤ አረፈ፤ ስለዚህ ነው ትቼው የወጣሁት።»

አክስትየዋ እንባዋ መጣ። በዚህ ጊዜ ጥፋተኛ አላስፈለጋትም።

ጥርስ ሠሪዋ ወንበር ስባ ከልብስ ሰፊዋ ፊት ተቀመጠች። ጉልበታቸው ተነካካ። «ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያወራኝ?»

«ሁልጊዜ። ግን ዝም ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ ይጠራሻል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ ያለን ሰው እንደሚጠራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ ትንሽ ዝም ይላል። ዝም ብሎ ይጠብቅና ነው ወሬውን የሚቀጥል።»

«እንዴት ነበር የሚጠራኝ?»

«እንዴት ማለት?»

«እንደሱ አድርገው ይጥሩኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አመነታች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋ የሟቹን ድምፅ አልመሰለም፤ አጠራሩ ግን የእሱ ነበር።

«ልጄ!»

ጥርስ ሠሪዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«አቤት፣» አለች። «አቤት፣ አባዬ።»