ገበታ ላይ የጸደቀው ንድፍ

ኢንጂነር ፓርቪዝ ስህተቱን ያየው የዓሣው ወጥ ገና ከገበታ ሳይነሣ ነው። በኢራኗ የወደብ ከተማ በማህሻህር፣ የድሮ ተማሪው የሼይዳ አባት እራት ጋብዞት ነበር። ሼይዳ ለምትሠራበት የኬሚካል ፋብሪካ አዲስ ጋን የሠራችውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ንድፍ ከሳህኑ አጠገብ ዘረጋችለት። ይህ ከሰመረላት የክፍሉ ኃላፊ ትሆናለች።

"ኡስታድ፣ እርስዎ ካላዩልኝ ልቤ አያርፍም" አለችው፣ እንደ ተማሪነቷ ዘመን መምህሬ ስትለው።

ጋኑ ውስጥ የሚገባው ቅይጥ መጀመሪያ መሞቅ አለበት፤ አንዴ ከተነሣ ግን ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ጉድ ይፈላል። የሼይዳ መቆጣጠሪያ ደግሞ ሲያሞቅ የቆየበትን ስሌት እያጠራቀመ ስለሚሄድ፣ ሙቀቱ ከልኩ ካለፈ በኋላ እንኳ የማቀዝቀዣውን ውሃ ዘግይቶ ነው የሚከፍተው። ፓርቪዝ ይህን ባንድ እይታ ለየው። ግን አባትየው ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ፣ "ልጄን ሰው ያደረጓት እርስዎ ነዎት" እያለ የዓሣውን ምርጥ ምርጥ ሳህኑ ላይ ይከምርለታል። የሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ የሰውን ልጅ እንዴት ያዋርዳል? ይህች ይሉኝታ የምትባል ነገር ስንቱን ጉድ ሠራችው!

"እጅሽ ይባረክ፤ እንከን አይወጣለትም" አላት።

በማግስቱ ለብቻዋ ሊነግራት አስቦ ነበር። ስልኩን አነሣና "ያን ያህል አሞግሼ አሁን ምን ልበል?" ብሎ አፍሮ አስቀመጠው። እንደዚያ እያለ ጋኑ ሥራ የሚጀምርበት ዕለት ደረሰ።

የክብር እንግዳ ሆኖ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ቆመ። ሙቀቱ ወጣ፤ ከልኩ አለፈ፤ ውሃው ግን አልተከፈተም። ፓርቪዝ ወደ መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ተጠጋ። አፉን ሳይከፍት ሼይዳ የአደጋ ጊዜ ማስወገጃውን ቁልፍ ተጫነች፤ ቅይጡ በሙሉ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሰው አልተጎዳም። የወራት ድካሟን ግን ውሃ በላው።

ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ እሱ ዞረች። "ይቅር ይበሉኝ ኡስታድ። ለሰው ሁሉ 'እሳቸው አይተውልኛል' እያልኩ ስምዎን አጠፋሁት።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። ያን ማታ አይቼው ነበር። አባትሽ ፊት ይሉኝታ ይዞኝ ነው ዝም ያልኩት።"

"እባክዎ፣ የኔን ጥፋት ለራስዎ አይውሰዱ" አለች እንባዋን እየጠረገች።

"እውነቴን ነው የምልሽ።"

"ደግነትዎን አጥቼው ነው?"

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቀረብ ብሎ የፓርቪዝን ትከሻ ሳመ። "ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው" አለ ለቆሙት ሁሉ። ከዚያ ወደ ሼይዳ ዞሮ፣ "አንቺ ንድፉን ለሌላ ሰው አስረክቢ" አላት።

"አይቼው ነበር እኮ!" አለ ፓርቪዝ።

ሰዎቹ በአክብሮት ወንበር አቀረቡለት።