ለአዲስ ቤት የመጣ ስዕል

ወይዘሮ ዳኑታ የልጃቸውን አዲስ ቤት ሊያዩ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በአንድ እጃቸው የፖም ኬክ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ስዕል ይዘው፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ምራታቸውን ቦግናን አገላብጠው ሳሟት።

ስዕሉ ሲገለጥ ጢማም አይሁዳዊ ሽማግሌ ነው፤ አጎንብሶ የወርቅ ሳንቲም ይቆጥራል። በፖላንዷ ከተማ በሉብሊን ይህን ሽማግሌ የማያውቅ የለም፤ ገንዘብ ይስባል ተብሎ በየሱቁና በየቤቱ ተሰቅሏል። አይሁዶቹን ራሳቸውን ግን ከተማው ካጣቸው ስንት ዘመኑ!

"ከበሩ በግራ በኩል ነው የሚሰቀለው" አሉ ወይዘሮ ዳኑታ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ዘቅዝቂው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰበሰበውን ለቤቱ ያራግፋል። እኔ ይኸው አጥቼ አላውቅም! ሌሼክ፣ መዶሻ አምጣ!"

የቦግና ባል ሌሼክ ምስማሩን በከንፈሩ ይዞ ወንበር ላይ ወጣ።

የቦግና አያት ባለፈው ክረምት ሊሞቱ ሲሉ እጇን ጨብጠው፣ "እኔ አይሁድ ነኝ፤ ባሌ እንኳ ሳያውቅ ተቀበረ" ብለዋታል። አንድ አልጋ ላይ እየተኙ ዕድሜ ልክ መደበቅ! ይህን እያሰበች ስንቴ አልቅሳለች። እሷም በገዛ ቤቷ ልትደበቅ ነው? ዛሬ ዝም ካለች መቼም እንደማትናገር ገባት።

"ሌሼክ፣ እንዳትሰቅለው" አለች።

"ምነው? ግድግዳው እንዳይበላሽ ነው?"

"አያቴ አይሁድ ነበረች። የእናቴ እናት። እኔም ያው ነኝ።"

ቦግና ለክፉው ተዘጋጅታ ነበር፤ ቢቆጡ መልስ ነበራት፣ ቢያኮርፉም ትችለዋለች።

የወይዘሮ ዳኑታ ፊት ግን በራ። "ኢየሱስ ማሪያ! እስከ ዛሬ ደብቀሽን?" ብለው እቅፍ አደረጓት። "ታዲያ የግድግዳው ምን ያደርግልናል! አንተ ዕድለኛ፣ በሕይወት ያለችውን አግብተህ ከስዕል ጋር ትታገላለህ?"

ሌሼክ ወንበሩ ላይ እንደቆመ ሳቀ። ሳቁ ክፋት የለውም፤ አንጀቷን የቆረጠውም ይኸው ነው።

"እኔ እኮ ከሠርጉ ወዲህ ሥራዬ የተቃናው ለምን ይሆን እል ነበር" አለ።

እንድትስቅ ጠበቋት። አልሳቀችም። ወይዘሮ ዳኑታ የገንዘብ ቦርሳቸውን አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡላት።

"በይ የኔ ልጅ፣ እስቲ በእጅሽ ዳሰስ አድርጊልኝ" አሉ፤ ዓይናቸው በፍቅር ተሞልቶ ነበር።