የአባቴ ማተሚያ በአጎቴ ኪስ

አጎቴ ቢላ ሠርቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሐሜት እንዳይመስልብኝ ነው። ፊት ለፊቱም ብዬዋለሁ፣ ያውም በአንቱታ፤ እኔ ሰው ስሳደብ አክብሮት አላጓድልም። "ጋሼ፣ እርስዎና መዶሻ የምትተዋወቁት በሩቁ ነው" ብዬዋለሁ። ይሁን እንጂ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣ ቢላ ሁሉ የእሱ ነው የሚባለው። ምክንያቱ አንዲት ጣት የማታህል ብረት ናት።

አባቴ "ማተሚያ" ይላት ነበር። ጫፏ ላይ የዓሣ አጥንት የሚመስል ቅርጽ አለ፤ ራሱ በሞረድ ጥርሱን ነክሶ ያወጣው ነው። የጋለው ቢላ መስፍ በምንለው መቀጥቀጫ ብረት ላይ ይጋደማል፣ ማተሚያዋ አንገቱ ላይ ትቆማለች፣ አናቷን አንዴ በመዶሻ ማለት ነው፤ አጥንቷ ብረቱ ላይ ትቀራለች። ገበያ ላይ ሰው ቢላ ሲገዛ መጀመሪያ ስለቱን አይነካም። አገላብጦ አጥንቷን ነው የሚፈልገው። አጥንት የሌለበትን "የሽንኩርት ነው" ብሎ መልሶ ይወረውረዋል።

አባቴ በተቀበረ ማግስት አጎቴ የመሣሪያውን ሣጥን ከፍቶ ማተሚያዋን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

"ከእንግዲህ የዚህ ቤት ወንድ እኔ ነኝ" አለ።

እናቴ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበት የመጨረሻው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ቢላ መሥራት ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ወደ ፍሙ በተጠጋሁ ቁጥር "ውጪ ከጭሱ፣ ዓይንሽ ይጠፋል" እያለ ነው ያሳደገኝ። እሱ ሲሞት ወናፉን ያዝኩ። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ እየቆረጥኩ አቃጠልኩ፣ አጣመምኩ፣ ሰነጠቅኩ፤ ክንዴንም ፀጉሬንም ለበለብኩ። አንዱ ሥራዬ እንደ ሙዝ ቢቆለመም እናቴ በሩ ላይ ቆማ "ልጄ፣ ማጭድ ነው እንዴ የጀመርሽው?" ብላኛለች። ከዚያ ግን እጄ ገባ። ዛሬ የኔን ቢላ የለመደ ሰው የሌላ ሰው ቢላ ሲያስጨብጡት ይናደዳል። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ወይም ነው። እውነት እስከሆነ ድረስ ግድ የለኝም።

ማተሚያዋ የምታርፍበት ጊዜ አላት። ቢላው ቅርጹን ከያዘ በኋላ፣ ዘይት ውስጥ ከመነከሩ በፊት፣ ገና ቀይ እንደሆነ ነው የሚታተመው። ዘይት ከነካው በኋላ እኛ ቤት "ጠጥቷል" ይባላል። የጠጣ ብረት ይጠነክራል፤ ስለቱን የሚያቆመውም ይኸው ነው። ግን ቂመኛ ይሆናል። ቁረጥበት፣ ግፈፍበት፣ እንዳሻህ አድርገው፤ ብቻ አትምታው።

ስለዚህ ብረት በቀላ ቁጥር አጎቴን መጥራት ነበረብኝ። ቤቱ ከአጥራችን ማዶ ነው።

"ጋሼ! ቀልቷል!"

ምሳ ላይም ይሁን እንቅልፍ ላይ ይመጣል። እያለከለከ ገብቶ አንዴ ይመታና፣ እንደ ደከመው ሰው ግንባሩን ጠርጎ ይሄዳል። ለጎረቤቱ ሁሉ "እንደ አሽከሯ ነው የምትጠራኝ" እያለ ያወራ ነበር። ለምን በዚያች ደቂቃ እንደምጠራው ግን አንድም ቀን አልጠየቀም። ላስሮጠው የምጠራው ነበር የሚመስለው። እውነቱን ለመናገር፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሲሮጥ ማየቱም አያስጠላም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ተጋጠምን።

"ጋሼ፣ ማተሚያዋን ይስጡኝ።"

"ምን ልታደርጊባት?"

"ልጠብስ! ቢላ ላትምባታ! ሠሪዋ እኔ አይደለሁ?"

"ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ። የወንድሜን አጥንት ለባዳ ልታወርሺ ነው?"

"አጥንቱን በተቀበረ ማግስት ኪስዎ የከተቱት እርስዎ፤ ከእርስዎ የባሰ ባዳ ፍለጋ ምን አስኬደኝ?"

"አንቺ ልጅ፣ ተይ!" አለች እናቴ። እናቴ "ተይ" የምትለው ሁልጊዜ ለእኔ ነው። ለእሱ "ተው" ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ መጥራቴን ተውኩ። ክረምቱን ሙሉ ያለ ማተሚያ ሠራሁ። ለከተማው ባለ ሉካንዳ የታዘዙ አምስት ቢላዎች ነበሩ፤ የታዘዙት ከአጎቴ ነው እንግዲህ፣ የሠራኋቸው እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደነሱ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። እስከ አንገታቸው አጠጣኋቸው፣ እጀታቸውን ገጠምኩ፣ ስለታቸውን አወጣሁ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፦ ባለ ሉካንዳው ቢላ የሚያውቅ ሰው ነው። ይዞ ይሞክራቸው። ከነሱ አንዱን እንኳ ባዶ አንገቱን ከገዛኝ፣ የአጎቴ ኪስ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም። ካልገዛኝ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ "ጋሼ፣ ቀልቷል" ስል መኖሬ ነው።

ባለ ሉካንዳው የመጣው ከአጎቴ ጋር ነው። በሩን የሚሞላ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚወጣ ሰውዬ ነው። ቢላዎቹን ጆንያ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። አንዱን አነሣ፤ እንደማንም ገበያተኛ አገላበጠው።

"ጋሼ፣ አጥንቷስ?"

አጎቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣራው አየሁ።

"እሷማ ዓይንህ እያየ ነው የምትታተምልህ" አለና ኮቱ ኪስ ውስጥ ገባ። ማተሚያዋን በመሐረብ ጠረጋት። ዕጣ የሚያወጣ ዳኛ ነው የሚመስለው። "እጄን አይተህ ውሰድ ብዬ ነው ያቆየሁት።"

"አይታተምም" አልኩ። "ጠጥቷል።"

"ማነው የጠጣው?" አለ ባለ ሉካንዳው እየሳቀ።

"ብረቱ። ዘይት ገብቷል። አሁን ከተመታ ይሰበራል።"

"ሰማህ?" አለው አጎቴ። "ወንድሜ ስንት ዘመን ሲያትም አልተሰበረም፤ እኔ ልመታ ስል ይሰበራል!"

"አባቴ ቀይ ሳለ ነበር የሚመታው። እርስዎም ራስዎ ቀይ ሳለ ነበር የሚመቱት፤ ለምን የማስሮጥዎት ይመስልዎታል?"

"ለንቀትሽ ነዋ!"

እንዲህ ነው እንግዲህ። ስንት ዓመት ስድቤን ሲሰማ የኖረ ሰው፣ እውነት ስነግረውም ስድብ ሆኖ ነው የተሰማው። ቢላውን መስፉ ላይ አጋደመ። ማተሚያዋን አቆመና መዶሻውን አነሣ።

ጥንግ!

ቢላው ከአንገቱ ላይ ተቆርጦ ስለቱ ባለ ሉካንዳው እግር ሥር ወደቀ። ሰውዬው በዚያ ገላው እንዲያ ይዘላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"አየህ አይደል!" አለ አጎቴ፣ ፊቱ እንደ ፍም ቀልቶ። "ብስባሽ ብረት ነው! ብቻዬን ካልሠራሁ ትልና እንዲህ ታዋርደናለች!"

የክረምት ሥራዬ ነው መሬት ላይ የወደቀው፤ ስሙ ደግሞ ብስባሽ ተባለ። በዚያችው ቅጽበት ግን ማተሚያዋን አየኋት። ከዓሣዋ አጥንት አንዷ ሾህ ረግፋለች። አጎቴ አላየም፤ ጫፏን አይቶ አያውቅማ፣ እሱ የሚያውቀው አናቷን ነው።

ልነግረው እችል ነበር። "ጫፏን ይዩ" ማለት ምን ያህል ነገር ነው?

"ምናልባት ያኛው ክፉ ሆኖ ይሆናል" አልኩ። "ሌላ ላቀብልዎት?"

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። እሷ ግን ማተሚያዋን ላስጨርሰው እንደሆነ ገብቷታል፤ የቢላ ሠሪ ሚስት ሆና ነው ያረጀችው። "ተዪው!" አለች። "አንቺ ልጅ፣ ስለ አባትሽ ብለሽ ተዪው!"

"ምን አደረግሁ እማዬ? ጋሼን እየረዳሁ ነው።"

ሁለተኛውን በገዛ እጄ አቀበልኩት። ጥንግ። ይኼኛው ለሁለት አልወደቀም፤ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወረደበት። አጎቴ ላቡን ጠረገ። ሦስተኛውን ሳቀብለው እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር፤ ሰው እያየው መዶሻ ማስቀመጥ አልሆነለትም። ከሁለቱም አስበልጦ መታው። ቢላው አልተሰበረም። ማተሚያዋ ተንሸራታ ሄደችና ከመስፉ ማዶ ወደቀች።

ባለ ሉካንዳው ጎንበስ ብሎ የቢላውን አንገት አየ። "ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት? አጥንት ናት ወይስ ዝንብ አርፋበት ሄዳ ነው?"

አጎቴ ማተሚያዋን አነሣት። በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፏን አየ። ዓሣ የለም፣ አጥንት የለም፤ የተፈረፈረ ብረት ብቻ ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ደስም ብሎኛል፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትወጣ እስካይ ድረስ።

ባለ ሉካንዳው ግን የመጣው ለልቅሶ አይደለም። ከተረፉት አንዱን አነሣና የክንዱን ፀጉር ላጨበት። ቀጥሎ ከወናፉ ሥር ቁራጭ ቆዳ አገኘና በአንድ ስበት ለሁለት ከፈለው።

"ይቆርጣል።"

"ቢላ ነው፣ ሌላ ምን ያድርግልህ?"

"የጋሼ ሥራ ነው አይደል?"

አጎቴ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት። "ይንገሩት እንጂ ጋሼ። ዘይት ውስጥ የሚገባው ምን ሲመስል እንደሆነ ይንገሩት።"

"እኔ... እኔ አሠራሩን ነው የማሳያት" አለ።

"ዛሬ ያሳየሃትን ነው?" አለ ባለ ሉካንዳው፤ አንቱታውን የት እንደጣለው እንጃ። ሁለቱን ያልተመቱ ቢላዎች ጠቀለለ። "አንቺ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ማን ሠራው ልበል?"

"ባለጌዋ በል። ይደርሱባታል።"

ብቻውን እየሳቀ ሄደ።

አጎቴ አልወጣም። ማተሚያዋን መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋልኝ፤ የሚያየው ግን ግድግዳውን ነበር።

"አስተካክያት።"

እንደምችል ያውቃል። በምድር ላይ ሌላ የሚችል ሰው እንደሌለም ያውቃል። በፍም አለስልሼ፣ በሞረድ አዲስ አጥንት አውጥቼ፣ መልሼ ማጠጣት ነው።

"እባክሽ ይበሉ።"

እናቴ ተመልሳ መጥታ ነበር። "በላት እንጂ ወንድሜ፣ ምን ትሆናለህ?" አለችው። ወደ እኔም ዞረች፤ "አንቺስ ዝም ብለሽ ብትሠሪለት ምን ትሆኛለሽ?"

ማንኛችንም ምንም አንሆንም ነበር። ግን እሱ አላለም፣ እኔም እጄን አልዘረጋሁም።

"አባትሽ ይህን ቢያይ..." አለ በመጨረሻ።

"ቢያይማ መጀመሪያ የሚፈትሸው ኪስዎን ነው።"

መዳፉን ጨበጠና ሄደ። ማተሚያዋ ዛሬም ኮቱ ውስጥ ናት አሉ። ሰው ፊት ያወጣትና አናቷን ብቻ አሳይቶ ይመልሳታል። እናቴ ብዙውን ቀን እሱ ቤት ነው የምትውለው፤ ስትመለስ "ውሃ አለ?"፣ "በሩን ዝጊ" ከማለት አታልፍም። ባለ ሉካንዳው ተመልሶ መጥቷል። ገበያተኛው ግን ገና "የሽንኩርት ነው" እያለ የሚወረውርብኝ አለ፤ እኔም መልሼ የምለውን እላለሁ።

ለራሴ ማተሚያ መሥራት አያቅተኝም። ብረቱን ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። ቅጠል ላድርግባት፣ ኮከብ ላድርግባት እላለሁ። ሞረዱን ሳሳርፍ ግን እጄ የሚሄደው ወደዚያችው ዓሣ ነው፤ ሾህ በሾህ፣ አባቴ እንዳወጣት። ያን ጊዜ ተናድጄ እወረውረዋለሁ። ስለዚህ ቢላዎቼ ባዶ አንገታቸውን ይወጣሉ። ያልወደደ ይተው።